የሐሙስ ካርድ

ሴንጋ ጌመል የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከበሩ ጀርባ በተሰቀሉት ካፖርቶች መሃል ተሸሽጋ የሰማችው ወሬ ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም። ሙሉውን ሳይሆን ግማሹን። እናቷና የምድር ቤቷ ወይዘሮ ላፈርቲ ደረጃው ላይ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገሩ ነበር። «የአይናን በር ዝለይው» አለች እናቷ፤ «ካርዱ ከአንቺ በቀጥታ ወደ እኔ ይምጣ። ቢያንስ ብርዱ እስኪያልፍ።» ወይዘሮ ላፈርቲ «ብትጠይቀኝስ ምን ልበላት?» አለች። እናቷ የመለሰችውን ሴንጋ አልሰማችም፤ የብረት ፋብሪካው ጡሩምባ የፈረቃ መለወጫውን በነፋ ጊዜ በካርንሙር ከተማ ሌላ ድምፅ አይሰማም ነበርና። ከዚያ ቀጥሎ የምታስታውሰው ከሳምንት በኋላ ያየችውን ነው። ጎረቤታቸው አይና ባልዲ ይዛ በወይዘሮ ላፈርቲ በር ፊት ቆማለች፤ እጆቿ እስከ ክርኗ ቀልተዋል፤ አንድ ነገር ትናገራለች። ምን እንዳለች ግን ሴንጋ ከላይ ሆና አልሰማችም። የአይና ባል በዚያው ወር ፋብሪካው ውስጥ የቀለጠ ብረት ፈስሶበት ሞቶ ነበር። እናቷ ነገሩን ዳግመኛ አላነሣችውም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ካርዱ ተራ ካርቶን ነው፤ በሲባጎ ከበር እጀታ ላይ ይንጠለጠላል። በሕንፃው ያሉት ስድስት ቤቶች አንድ ደረጃ ይጋራሉ፤ ካርዱ የተንጠለጠለበት ቤት በዚያ ሳምንት ሐሙስ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች አጥቦ ካርዱን ወደሚቀጥለው በር ያሳልፋል። በዚያን ዘመን ወንዶቹ የፋብሪካውን ቀይ አቧራ በጫማቸው ይዘው ስለሚገቡ ደረጃው በሳምንቱ የጡብ ቀለም ይይዝ ነበር። ካርዱ ተሰቅሎባት ሳታጥብ የከረመች ሴት ወሬዋ ከሥጋ ቤቱ ሰልፍ አልፎ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ሴንጋ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በእናቷ ቤት፣ በእናቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ የሚወርዱትን እግሮች ታዳምጣለች። ወደ ግላስጎ የሚሄደው ባቡር አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይነሣል። ፊት ለፊቷ ያሉት ባልና ሚስት በሹክሹክታ እየተነታረኩ ያልፋሉ። ከላይ ያለችው ካትሪና ቀጭን ተረከዟን እያንቋቋች ሁለት ሁለት ደረጃ ትዘላለች። ምድር ቤት ያለችው ነርስ ሌሎቹ ሲወጡ ከሌሊት ሥራዋ ትገባለች፤ ከካትሪና ጎን ያለው ሰውዬ ደግሞ የሚታየው በሳምንት መጨረሻ ብቻ ነው። ከዚያ ጸጥ ይላል። ድሮ ከተማው በቀን በሰው ይሞላ ነበር፤ ከሌሊት ፈረቃ የተመለሱት ሲተኙ የከሰዓት ፈረቃዎቹ ደጃፍ ላይ ያወራሉ፤ ሕፃናቱን ዝም በሉ የሚል ሰው ከየመስኮቱ አይጠፋም። አሁን ጣቢያው አጠገብ መኪና ማቆሚያ ቦታ ከተያዘ በኋላ እስከ ማታ በመንገዱ ላይ የሚያልፈው ፖስተኛው ብቻ ነው። ሴንጋ የተዳረችበት ቤተ ክርስቲያን እንኳ አሥራ አራት አፓርታማ ሆኗል፤ የካትሪና የሥራ ባልደረባ መዘምራኑ ይቆሙበት በነበረው ቦታ ላይ ወጥ ቤት አላት አሉ።

ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ካደረገች አምስተኛ ሳምንቷ ነው። እስከ ሰኞ ድረስ የቆየችው ልጇ ሞራግ ዘንድ ነበር፤ ፋብሪካው ፈርሶ በሱ መሬት ላይ ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች በአንዱ፣ የምድጃ ጎዳና ቁጥር አሥራ ስምንት። ለአራት ሰው ሦስት መጸዳጃ ቤት አለው፤ ወለሉ በእግር ሲረገጥ ይሞቃል። ባሏ ዶድ ነፍሱን ይማረውና ሃያ ስድስት ዓመት የሠራበት የብረት መዳመጫ ክፍል በግምት ከሞራግ መኪና ማቆሚያ ሥር ነው። ሁሉም በጠዋት ሲወጡ ሴንጋ በትልቁ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ እንደ እንቁላል ካርቶን በተደረደሩት ቤቶች መሃል አንድ ሰው እንኳ ሲያልፍ ለማየት ትጠብቅ ነበር። ሰኞ ዕለት ሞራግ ብብቷን ደግፋ ወደ ቤቷ ስታወጣት ደረጃውን አየችው። ጭቃ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የምግብ ማሸጊያ ወረቀት፣ የብስክሌት ጎማ ምልክት። ምንም አልተናገረችም። አሁን በከዘራዋ ተደግፋ በሯን ከፍታ ወደ ላይ ቀና ስትል፣ ካርዱ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት እሷው ራሷ በሰቀለችበት በር፣ በካትሪና እጀታ ላይ፣ እንዳለ ተንጠልጥሏል። አምስት ሐሙስ።

ለሰው ነግራው የማታውቀው ነገር አለ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነርሷ ስትገባ ካርዱ ተሰቅሎባት ሐሙስ አለፈ። ሌሊት የምትሠራ ልጅ ናት፣ ትተኛ ብላ ሴንጋ አጠበችላትና ካርዱን ወደሚቀጥለው አሳለፈችው። ከዚያ ባልና ሚስቱ መጡ፣ ከዚያ የሳምንት መጨረሻው ሰውዬ፣ ከዚያ ካትሪና፤ ምድር ቤት ያለው ሂዩ ላፈርቲም አረጀ። ሁልጊዜ እንደ ወጉ ካርዱን በየበራቸው ትሰቅላለች፤ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ፣ ሕንፃው ጸጥ ሲል፣ ታወርደዋለች፤ አርባ አራቱን ደረጃ በየአንዳንዱ ላይ አንድ የመዝሙረ ዳዊት ቃል እያለች ታጥባለች፤ ከዚያ ካርዱን ወደሚቀጥለው በር ትወስዳለች። ዛሬ አንዳቸው ያንኳኳሉ፣ ዛሬ አንዳቸው «እንዴት ነው ነገሩ?» ይላሉ እያለች ትጠብቅ ነበር። ማንም አላንኳኳም። በጊዜ ብዛት ይህ ነገር ደረቷ ውስጥ እንደ ጠጠር ተቀመጠ፤ ማታ ስትጸልይ «አላዩኝም አይባል፣ እያዩ ነው» ማለት ለመደች፤ ይህንን ማለቷም መልሶ ያሳፍራታል።

በስድስት ሰዓት ሞራግ በድስት የምስር ሾርባ ይዛ መጣች። ሐሙስ ሐሙስ ከቤቷ ሆና ስለምትሠራ የምሳ ሰዓቷ የእናቷ ነው። የሴንጋ ደብዳቤዎች በነዚህ ሳምንታት ወደ እሷ ይላኩ ስለነበር አንድ ፖስታ ከቦርሳዋ አወጣች። ሴንጋ አጎንብሳ በማዕዱ ላይ ጸለየች፤ ሞራግ ቆማ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ቁጭ አለችና ፖስታውን ቀደደች።

«የሕንፃ አስተዳደሩ ነው። እማ፣ እስቲ ይቺን ስሚ። "ደረጃችሁን በየሐሙሱ ስታጸዳ የነበረችው ሠራተኛ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ መምጣት ማቆሟን ነዋሪዎች አመልክተዋል። ድርጅታችን መዝገቡን ሲያጣራ እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ቀጥሮ አያውቅም..."» ድምፅዋ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ዓይኗ ከወረቀቱ ወደ እናቷ እጆች፣ ከእጆቿ ወደታሰረው ጉልበት ወረደ። «እማ። ማናት ይቺ ሠራተኛ?»

ሴንጋ ሾርባዋን አማሰለች። «ጨው አንሶታል» አለች።

«እማ!»

«ምስሩ ግን በደንብ በስሏል።»

ሞራግ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። በእናትና በልጅ መሃል ያለው ዝምታ በዚያ ቤት አዲስ አልነበረም፤ ከሾርባው ጋር አብሮ ይቀርብና ከሾርባው ጋር አብሮ ይነሣ ነበር። የዛሬው ግን አልነሣም። ሐኪሙ ጉልበቷን እንደ ስልሳ ዓመት የፋብሪካ ማሽን ያለቀ ነው ማለቱን አስታወሰቻት፤ ሁላችንም ከዕድሜ ነው ብለን ነበር አለች። ከዚያ የቀረውን አነበበችው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንድ የጽዳት ኩባንያ ይቀጠራል፤ በየቤቱ በወር አሥራ አራት ፓውንድ፤ ስድስቱም ባለቤቶች ካልፈረሙ አይሆንም፤ እስከ ነገ ድረስ። አምስት ፊርማ አርፎበታል። ስድስተኛው መስመር ባዶ ነው።

«ፈርሚና ተገላገዪ» አለች ሞራግ። «ወይም ቤቱን ሸጠሽ እኛ ጋ ነይ። ክፍሉ ባዶ ነው። መስኮቱን ወደሽው አልነበር?»

«መስኮቱ ደህና ነው» አለች ሴንጋ። «የሚታይበት ነገር ነው የጠፋው።»

ሞራግ እስክሪብቶውን በወረቀቱ ላይ አስቀምጣ፣ ማታ ልወስደው እመጣለሁ ብላ ሄደች። ሴንጋ ብቻዋን ስትቀር ደብዳቤውን መነጽሯን አድርጋ ደግማ አነበበችው። መጀመሪያ ሳቀች። ሠራተኛ! ከዚያ ሳቋ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እያዩ ዝም አሉኝ ያለቻቸው ሰዎች ጭራሽ አላወቁም ነበር። የተቀየመችው በከንቱ ነበር ማለት ነው፤ ያን ያህል ዘመን የያዘችውን ቂም አሁን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። እስክሪብቶውን አነሣችው። ብትፈርም በሚቀጥለው ሐሙስ ከሌላ ከተማ በመኪና የሚመጣ የማታውቀው ሰው ደረጃውን ያጥባል፤ ካርዱ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ማንም ለማንም ምንም የለበትም። ባትፈርም ደግሞ ይህ ጉልበት አለ። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂዩ ላፈርቲ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ለሻይ ወጣ። ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ የወይዘሮ ላፈርቲ ልጅ ነው፤ ክሬን ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ጆሮው እዚያው ቀርቷል።

«ፈረምክ?» አለችው።

«ምን?»

«ወረቀቱን! ፈረምክ ወይ?»

«እሱን? የቴሌቪዥን ክፍያው መስሎኝ ነው። መነጽሬን አላደረግኩም። ከላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ። በዚያ ፈገግታ የገዛ ራሴን ቀብር ብታስፈርመኝም እፈርማለሁ።» ብስኩቱን ሻዩ ውስጥ ነከረ። «ምን ነበር?»

ነገረችው። ሁለት ጊዜ መጮህ አስፈለጋት። ሂዩ ብስኩቱ ሻዩ ውስጥ ተቆርጦ ሲወድቅ እያየ ተቀመጠ። ከዚያ፣ ከሆስፒታል አልጋ ጀምሮ ስታመላልሰው የቆየችውን ነገር ጠየቀችው። ያኔ አይና ባልዲ ይዛ እናትህ በር ላይ ስትቆም ምን ነበር ያለችው? እሱ ያን ጊዜ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ቤት ውስጥ ነበር።

«ከእናቴ ኋላ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር» አለ ሂዩ። ድምፁን እንደ ደንቆሮ ከፍ አላደረገም፤ እንዲያውም ዝቅ አደረገው። «እናቴ በርሽን የዘለልነው ለአንቺው አዝነን ነው አለቻት። አይና ምን አለች መሰለሽ? "ባሌን ፋብሪካው ወሰደው። ሐሙሴን ደግሞ እናንተ ልትወስዱብኝ ነው?" ካርዱን ከእናቴ እጅ ነጥቃ ሄደች። ከላይ እስከ ታች አጠበችው፤ እኔ ሥራ ልሄድ ስወጣ አሁንም እያጠበች ነበር፤ እንዳልረግጥባት ግድግዳውን ተለጥፌ አለፍኩ። እናቴ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። ከዚያ ክሬን ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ጥቂት ነው። ስለዚህ የሰማሁትን አልረሳም።»

ሴንጋ የነርሷን ሐሙስ፣ የባልና ሚስቱን ሐሙስ፣ የሁሉንም ሐሙስ አንድ በአንድ ስትወስድ ራሷን አየች፤ በደግነት ነበር፣ ግን ወስዳለች። ጌታ ሆይ፣ አለች በልቧ፣ ባልዲውን እኔ ይዤ ለሰው የቀረ ነገር አልነበረም። ከዚያ ሂዩን ለመነችው፤ እሱም እያቃሰተ፣ እየተራገመ፣ አንድ ፎቅ ወጥቶ ካርዱን ከካትሪና እጀታ ላይ አምጥቶ ጭኗ ላይ አኖረው።

የማታው ባቡር አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ይገባል። ሴንጋ ካፖርቷን ለብሳ የወጥ ቤቱን ወንበር ከበሯ ፊት አስወጥታ ተቀመጠች፤ ወንበሩ አንድ እግሩ ስላጠረ ደብዳቤውን አጥፋ ከሥሩ ሸጎጠችበት። ተረከዞቹ ከታች መጡ፤ በማታ ሁለት ሁለት አይዘሉም።

«ወይዘሮ ጌመል! ምን ሆኑ? ወደቁ እንዴ?» ካትሪና የገበያ ከረጢቷን ጥላ ሮጠች።

«ወድቆ ወንበር ላይ የሚያርፍ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ደህና ነኝ ልጄ። ይኸውልሽ፣ ይህን ታውቂዋለሽ?»

ካትሪና ካርዱን ተቀበለች። ጽሑፉ በብዙ እጅ ታሽቶ ጠፍቷል፤ የቀረው ካርቶኑና ሲባጎው ነው። «እሱማ የሠራተኛዋ ነው። አጥባ ስትጨርስ የምትሰቅለው። በቃ፣ አልቋል፣ ለማለት።»

«ስንት ዓመትሽ ነው እዚህ?»

«አራት።»

«በአራት ዓመት አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«ማንም አላያትም እኮ! ለገና ስጦታ ልናዋጣላት በስልክ ተነጋግረን ነበር፤ ግን ማን ይስጣት? ስትመጣ እኛ የለንም። በር ላይ እናስቀምጥላት ብለን፣ የማን በር ላይ ስንባባል ገናው አለፈ። አስተዳደሩ ነው የሚከፍላት ብለን... አሁን ሆስፒታል እርስዎ ከገቡ ጊዜ ጀምሮ እሷም...» አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከዘራውን አየች። ጉልበቱን አየች። ከዚያ በሴንጋ ጭን ላይ ያረፉትን፣ በውኃና በበረኪና የተላጡትን እጆች አየች። በዚያ ቆንጆ ካፖርቷ ቆሻሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። «ወይኔ» አለች። «ለአስተዳደሩ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች፣ ስሟን ባናውቅም፣ ብዬ።»

«ጎበዝ ማለትሽ ደህና ነው» አለች ሴንጋ።

ካትሪና ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ሴንጋ አላባበለቻትም። ካርዱ ምን እንደሆነ፣ ስድስቱ ቤቶች እንዴት እንደሚቀባበሉት፣ ቀስ ብላ ነገረቻት። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች በመጨረሻ። «አንኳኩቼ መንገር ነበረብኝ። ካርዱን ስሰቅልባችሁ ታውቁታላችሁ ብዬ ነው። እዚህ የተወለደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከእኔና ከሂዩ በቀር እዚህ የተወለደ ሰው እንደሌለ ረስቼ።»

«የፈረምኩትን እሰርዛለሁ» አለች ካትሪና። «ለሌሎቹም ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። እርስዎ ግን አይንኩት። በእርስዎ ተራም እኔ አጥባለሁ፤ ካርዱ የእርስዎን በር ይዝለለው። ቢያንስ ብርዱ እስኪያልፍ።»

ሴንጋ ቀና አለች። የእናቷ ቃል ነበር፣ እንዳለ፣ በዚህ ከሩቅ በመጣች ልጅ አፍ። «አይሆንም» አለች፤ ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «በሬን አትዝለሉት።»

ከታች፣ ደረጃው ከሚታጠፍበት ጥግ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሞራግ ነበረች፤ መቼ እንደመጣች አላወቁም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ሁሉንም ሰምታለች። ወደ ላይ ወጥታ በእናቷ ፊት ቆመች። ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም።

«እኔንም ዘለሽኝ እኮ፣ እማ። ልጅ ሆኜ ባልዲውን አንዴ አላስነካሽኝም። ሂጂ ትምህርትሽን አጥኚ፣ ባቡር ላይ የምትወጪ ሰው ሁኚ አልሽኝ። ሆንኩልሽ። ከዚያ ወዲያ እዚህ ስመጣ ምን እንደምይዝ አላውቅም፤ ስለዚህ ሾርባ ይዤ እመጣለሁ።»

ከምድር ቤት የሂዩ ቴሌቪዥን ሕንፃውን ሙሉ ይጮሃል። ሴንጋ ካርዱን ከካትሪና መልሳ ወሰደች፤ ሲባጎውን ፈታች፣ መልሳ ቋጠረችው፣ የማያስፈልግ ቋጠሮ። «ተራዬ ሲደርስ ካርዱ በሬ ላይ ይሰቀላል» አለች። «ሰባት ቀን ሙሉ፣ እንደማንኛውም ሰው። ባልዲውን ሞራግ ትይዛለች። እኔ ውኃውን አሞቃለሁ።»

«ላይ ድረስ ይዤው እወጣለሁ» አለች ሞራግ ቶሎ ብላ።

«የዚህ ሳምንት ተራ ግን የእኔ ነው» አለች ካትሪና፤ ከዚያ ፈራ ተባ አለች። «አንድ ነገር ብቻ... ሐሙስ አልችልም። ባቡር አለብኝ። ቅዳሜ ቢሆንስ?»

ሴንጋ ደረጃውን ቁልቁል ተመለከተች። ከእናቷ ጀምሮ፣ ከአይና ጀምሮ፣ ጡሩምባው ይነፋ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በዚህ ደረጃ ላይ ውኃ በቅዳሜ ፈስሶ አያውቅም። ቅዳሜ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ቀን ነበር። ነገር ግን ፈረቃውን የሚወስነው አሁን ባቡሩ ነው፤ ሁሉም ቤታቸው የሚውሉት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ከወንበሩ ሥር ደብዳቤውን እንዳልተፈረመ ስባ አወጣችና ለካትሪና ሰጠቻት፤ ወንበሩ አንዴ ተንገዳገደ፣ ሞራግ ያዘችላት።

«ከላይ ወደ ታች ነው የሚታጠበው» አለች ሴንጋ። «ጥጎቹን በቡርሽ። ውኃውም ሁለት ጊዜ ይቀየራል።» ካርዱን ወደ ካትሪና ዘረጋችላትና፣ ለአፍታ ሳትለቀው ቆይታ፣ ለቀቀችው። «ቅዳሜ ይሁን።»